የስኳር ሕመም ዓይንን ሲጎዳ ከፎቶ የሚለይ ሞዴል እንዴት ይሠራል? ከዳታው እስከ ክሊኒኩ፣ ደረጃ በደረጃ

የስኳር ሕመም ዓይንን የሚጎዳው ድምፁን አጥፍቶ ነው። በዓይን ጀርባ ባለችው ሬቲና ላይ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይላላሉ፣ ያፈስሳሉ፣ ይዘጋሉ። ባለቤቱ ግን ለረጅም ጊዜ ምንም አይታወቀውም። እይታው መደብዘዝ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ርቆ ሄዷል። የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ ይህ ጉዳት በተለያየ ደረጃ ይገኛል። ዳያቤቲክ ሬቲኖፓቲ ይባላል። በጊዜ ከተደረሰበት በሌዘር፣ ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ፣ ስኳርንና የደም ግፊትን በመቆጣጠር ዓይነ ስውርነትን በአብዛኛው መከላከል ይቻላል። በየጊዜው የዓይን ጀርባ ፎቶ ተነሡ የሚባለውም ለዚህ ነው። ፎቶ ማንሣቱ ቀላል ነው፤ የሚያነብ ባለሙያ ነው የሚያጥረው።

ኮምፒውተሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በዚህ መመሪያ እንዲህ ያለ ሥርዓት ከባዶ ተነሥቶ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። መሠረታዊ ፓይተን የምታውቁና ኒውራል ኔትወርክ ምን እንደሆነ የሰማችሁ ከሆናችሁ ይበቃል። አንድ ጂፒዩ፣ ማለትም ከባድ ስሌትን የሚያፋጥን የኮምፒውተር ክፍል፣ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልክ ስትደውሉለት የሚያነሳ የዓይን ሐኪም ያስፈልጋችኋል። ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። ሞዴሉን ማሠልጠን ከጠቅላላው ሥራ ቀላሉ ክፍል ነው። ነገሩ የሚበላሸው ከሱ በፊትና ከሱ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚቸኩልባቸው ቦታዎች ላይ እኔ እዘገያለሁ፣ ብዙ ሰው የሚያፈጥበት ቦታ ላይ ደግሞ ቶሎ አልፋለሁ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ቁርጥ አድርጉ

«በሽታው አለ ወይስ የለም?» የሚለው ጥያቄ ግልጽ ይመስላል። ግን አይደለም። የዓይን ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ከ0 እስከ 4 አምስት እርከን አለው።

0 ማለት ምንም ምልክት አልታየም ማለት ነው። 1 ላይ ማይክሮአኒዩሪዝም ብቻ ይታያል፤ የቀጭን ደም ሥር ግድግዳ ወደ ውጭ አብጦ የሚፈጥራት ትንሽ ቀይ ነጥብ ናት። 2 ከዚያ ያለፈ፣ ግን ከባድ ያልደረሰ ነው። 3 ከባድ ነው፤ የሚለየውም 4-2-1 በሚባለው ደንብ ነው። ሬቲናውን በአራት ሩብ ክፈሉት። በአራቱም ሩብ ብዙ የፈሰሰ ደም ካለ፣ ወይም ቢያንስ በሁለቱ ደም መላሾቹ ወጣ ገባ ብለው ካበጡ፣ ወይም ቢያንስ በአንዱ ቅርጻቸው የተዛባ ጥቃቅን የደም ሥሮች በግልጽ ከታዩ እርከን 3 ነው። 4 ላይ አዲስና ደካማ የደም ሥሮች በቅለዋል፣ ወይም በዓይን ውስጥ ደም ፈስሷል።

ታዲያ ሞዴሉ አምስቱንም ይለይ? ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም። ይልቅ «ከውጤቱ በኋላ ምን ይደረጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። እርከን 0 ወይም 1 ያለበት ሰው በተለምዶ በቀጣዩ የምርመራ ጊዜው ይመለሳል። 2 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወይም ማኩላው ያበጠ ሰው ወደ ዓይን ሐኪም ይላካል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ይላክ ወይስ አይላክ?» ነው። ማሠልጠኛችሁ አምስቱን እርከን ሊጠቀም ይችላል፤ መልሱ ግን ሁለት ይሁን።

ማኩላ የእይታችን ማዕከል ናት። እብጠቷ ዋናው የእይታ ማጣት ምክንያት ሲሆን በተራ ፎቶ ግን በቀጥታ አይታይም። እብጠት ውፍረት ነው፣ ፎቶ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። ሞዴሎች የሚተማመኑት በማኩላ አቅራቢያ ባለ ቢጫ የቅባት ክምችት ላይ ነው። እብጠቱን በትክክል የሚለካው ኦሲቲ የሚባለው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሥርዓታችሁ ምን ማለት እንደማይችል ከመጀመሪያው በጽሑፍ አስቀምጡ። ግላኮማን አይፈልግም፤ ሌላ የዓይን ሕመምንም አይፈልግም። «አይላክ» ማለት «ዓይንህ ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ ከኮዱ በፊት ፎቶዎቹን በዓይናችሁ እዩ

ጥቂት መቶ ፎቶዎችን ከሐኪሙ ጋር ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። በጣም አሰልቺ ነው፣ በጣምም ይጠቅማል።

ቀይ ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ትንንሾቹ ክብ ነጥቦች ማይክሮአኒዩሪዝም ናቸው፤ ትላልቆቹና ዳራቸው የተሰባበረው የፈሰሰ ደም ነው። ትንሿን የደም ነጥብ ከማይክሮአኒዩሪዝም በፎቶ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ቢጫዎቹ ዳራቸው የጠራ ነጠብጣቦች ሃርድ ኤክሱዴት ይባላሉ፤ ከላላ ደም ሥር የፈሰሰ ቅባትና ፕሮቲን ናቸው። ነጣ ያሉትና ዳራቸው የደበዘዘው ደግሞ ኮተን ዉል ስፖት ናቸው፤ ደም ያጣ የነርቭ ክር ሲያብጥ የሚፈጠሩ ናቸው።

አሁን አሳሳቾቹ። በዕድሜ የሚመጣው ድሩዘን የሚባለው ቢጫ ነጠብጣብ ኤክሱዴት ይመስላል። የወጣቶች ሬቲና ያንጸባርቃል፤ ነጸብራቁም ነጭ ጉዳት ይመስላል። የካሜራ ሌንስ ላይ ያለ አቧራ ደግሞ ትንሽ የደም ነጥብ ይመስላል። አቧራን የመለያ ቀላል ዘዴ አለ፦ በአንድ ካሜራ የተነሡ የተለያዩ ሰዎችን ፎቶዎች አማካኝ ውሰዱ። በሽታ ከሰው ሰው ቦታ ይቀያይራል፤ አቧራ ግን ፍንክች አይልም። በአማካኙ ላይ ጎልቶ የቀረው ነጥብ እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ዳታ ሰብስቡ፣ ቁጥሮቹንም ጠርጥሩ

ለመጀመር የራሳችሁ ፎቶ አያስፈልግም። ለምርምር የተለቀቁ ስብስቦች አሉ። ትልቁና የታወቀው በ2015 ካግል በሚባለው የዳታ ውድድር ድረ ገጽ ላይ የቀረበው የአይፓክስ ስብስብ ነው፤ ለማሠልጠኛ ብቻ 35,126 ፎቶዎች አሉት። በ2019 የቀረበው ኤፕቶስ ከሕንዱ አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል የተገኘ ሲሆን 3,662 የማሠልጠኛ ፎቶዎች አሉት። ሜሲዶር 2 በ1,748 ፎቶዎቹ ለመፈተኛ ተመራጭ ነው። አይድሪድ ትንሽ ነው፣ 516 ፎቶ ብቻ፤ ከነዚህ በ81ዱ ላይ ግን እያንዳንዱ ጉዳት በፒክሰል ደረጃ ተከልሏል። ከማውረዳችሁ በፊት ፈቃዱን አንብቡ፤ ለምርምር ብቻ የተፈቀደ ስብስብ ለንግድ ሥራ አይሆንም።

የአይፓክስን የእርከን ክፍፍል እንየው። እርከን 0 የሆኑት 25,810 ናቸው። 1 የሆኑት 2,443፣ 2 የሆኑት 5,292፣ 3 የሆኑት 873፣ 4 የሆኑት 708። ሁሉንም «ጤነኛ» የሚል ሞዴል ብትሠሩ 73 በመቶውን ትክክል ይመልሳል። አንድም በሽተኛ ሳያገኝ! ስለዚህ «ትክክለኛነት 80 በመቶ ደረሰ» የሚል ሪፖርት ስታዩ አትደነቁ።

ቀጥሎ ሁለት ፍተሻዎችን አድርጉ። የመጀመሪያው ተደጋጋሚ ፎቶ ማደን ነው። በኤፕቶስ ውስጥ አንድ ፎቶ ሁለቴ ገብቶ፣ አንዳንዴም የተለያየ እርከን ተሰጥቶት እንደሚገኝ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ደርሰውበታል። የፎቶን አጠቃላይ መልክ ወደ አጭር ቁጥር የሚቀይር ሃሽ ተጠቅማችሁ የሚመሳሰሉትን አውጡ።

ሁለተኛው ፍተሻ ብዙም አይታወቅም፣ እኔ ግን እጅግ እወደዋለሁ። ፎቶውን ጨርሶ ሳታዩ ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ የፋይሉን መጠንና አማካኝ ብርሃኑን ብቻ ለአንድ ቀላል ሞዴል ስጡት። በሽታውን ይገምት። በነዚህ ብቻ ጥሩ ውጤት ካመጣ ዳታችሁ ውስጥ አቋራጭ አለ ማለት ነው። ለምሳሌ በሽተኞቹ በአንድ ዓይነት ካሜራ፣ ጤነኞቹ በሌላ ተነሥተው ይሆናል። ትልቁ ሞዴላችሁም ይህንኑ አቋራጭ ተምሮ ሬቲናን ሳይሆን ካሜራን ያነባል።

ደረጃ 4፦ የሐኪሞቹ መልስ ራሱ እንደሚለያይ ተቀበሉ

አንድን ፎቶ ለሦስት ባለሙያ ስጡ፤ በተለይ በ1 እና በ2 መካከል ሦስቱ የተለያየ ነገር ሊሉ ይችላሉ። የጉግል ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ታዋቂ ጥናት 128,175 ፎቶዎችን በ54 የዓይን ሐኪሞችና በሥልጠና የመጨረሻ ዓመት ላይ ባሉ ሐኪሞች አስነብበዋል። እያንዳንዱ ፎቶ ከ3 እስከ 7 ጊዜ ተነቧል። ቅንጦት አልነበረም።

የእናንተ አቅም ይህን አይፈቅድ ይሆናል። እንግዲያው ገንዘብና ጊዜያችሁን መፈተኛው ላይ አፍስሱ። ማሠልጠኛው ላይ ጥቂት ስህተት ቢኖር ሞዴሉ ይቋቋመዋል። መፈተኛው ላይ ስህተት ካለ ግን የምትለኩት ምን እንደሆነ ራሳችሁም አታውቁም። የመፈተኛ ፎቶዎቹን ቢያንስ ሁለት ሐኪሞች ለየብቻቸው ያንብቡ፤ ያልተስማሙበትን አብረው ተወያይተው ይወስኑ። በድምፅ ብልጫ ብቻ መወሰን አይመከርም፤ ትንሿን ነጥብ ያየው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ደረጃ 5፦ በሰው ክፈሉ፣ በፎቶ አይደለም

ዳታውን ለማሠልጠኛ፣ ለማስተካከያና ለመፈተኛ ስትከፍሉ የአንድ ሰው ፎቶዎች ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይግቡ። የአንድ ሰው ግራና ቀኝ ዓይን ይመሳሰላሉ፤ ቀለማቸውም፣ የበሽታው ደረጃም ብዙ ጊዜ ይቀራረባል። ቀኙ ማሠልጠኛ፣ ግራው መፈተኛ ውስጥ ከገባ ሞዴሉ ፈተናውን ቀድሞ እንዳየ ተማሪ ነው። በአይፓክስ ውስጥ የፋይሉ ስም የሰውየውን ቁጥርና «ግራ» ወይም «ቀኝ» መሆኑን ስለሚይዝ መከፋፈሉ ቀላል ነው።

መፈተኛውን ቆልፉት። ሥራው ሁሉ እስኪያልቅ አትክፈቱት።

ደረጃ 6፦ የማይነበብ ፎቶን የሚመልስ በር ሥሩ

ይህን ደረጃ ብዙ መመሪያዎች ይዘሉታል። በእኔ ግምት ሥርዓቱ መስክ ላይ ይሠራ ወይም አይሠራ እንደሆነ የሚወስነው ግን ይኸው ነው።

የጉግል ሥርዓት በታይላንድ ክሊኒኮች ሲሞከር የሆነውን እንመልከት። በ2020 የወጣው ጥናት እንደሚለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከቀረቡት 1,838 ፎቶዎች 21 በመቶውን ሥርዓቱ «ጥራቱ አይበቃም» ብሎ መለሳቸው። ነርሶቹ ፎቶ የሚያነሡት በቂ ጨለማ በሌለበት ክፍል ነበር፤ ብርሃን ባለበት ደግሞ ብሌን በደንብ አይከፈትም። ኢንተርኔቱም ይዘገይ ነበር። ሞዴሉ በላብራቶሪ ድንቅ ነበር። ክፍሉ ግን ላብራቶሪ አልነበረም።

በሩን እንዲህ ሥሩ። ሌላ ትንሽ ሞዴል አሠልጥኑ፤ ሥራው ፎቶው መነበብ ይችል እንደሆነ መናገር ብቻ ነው። ሐኪሙ አራት ነገር ይመልከት፦ ማኩላ ትታያለች? ኦፕቲክ ዲስክ፣ ማለትም የዓይን ነርቭ መውጫው፣ ይታያል? ቀጫጭን የደም ሥሮች ጥርት ብለው ይለያሉ? ጥላ ወይም ነጸብራቅ የሸፈነው ቦታ ምን ያህል ነው? መልሱ «ችግር አለ» ብቻ አይሁን። «ጨለመ»፣ «ደበዘዘ»፣ «መሃሉ ተዛነፈ» የሚል ይሁን፤ ፎቶ አንሺው ምን እንደሚያስተካክል ያውቃል። ይህ መልስ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሣ መድረስ አለበት።

ደጋግመው አንሥተውም ካልሆነስ? ያ ሰው ወደ ሐኪም ይላክ። የማይነበብ ፎቶ «ጤነኛ» ማለት አይደለም። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ፎቶው ይደበዝዛል፤ ለሞራው ራሱም ቢሆን መታየት አለበት። ውጤታችሁን ስትቆጥሩ ደግሞ እነዚህን ሰዎች ከስሌቱ አውጥታችሁ አትጣሉ። አስቸጋሪዎቹን ጥሎ በቀሩት መኩራራት የተለመደ ማታለያ ነው።

ደረጃ 7፦ ፎቶውን አዘጋጁ፤ በተለይ መጠኑን

መጀመሪያ በክቡ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ቦታ ቁረጡ። ከዚያ ፎቶውን ሳትለጥጡ አራት ማዕዘን አድርጉት፤ የጎደለውን በጥቁር ሙሉ። ከለጠጣችሁት ክብ የነበረው ሁሉ ሞላላ ይሆናል።

አሁን ወደ መጠን እንምጣ። በተራ የፎቶ ሞዴሎች ዘንድ የተለመደው 224 በ224 ፒክሰል ነው። ብዙ ጀማሪ እሱን ይዞ ይሄዳል። እስቲ እናስላ። የተለመደው የፈንደስ ካሜራ፣ ማለትም የዓይን ጀርባን የሚያነሣው፣ 45 ዲግሪ ያያል፤ ይህ በሬቲና ላይ ወደ 13 ሚሊሜትር ይጠጋል። 13 ሚሊሜትር ለ224 ሲካፈል አንድ ፒክሰል 58 ማይክሮሜትር ገደማ ይሸፍናል። 50 ማይክሮሜትር የምትሆን ማይክሮአኒዩሪዝም ከአንድ ፒክሰል ታንሳለች ማለት ነው። ሞዴሉ አልተሳሳተም፤ ምልክቷን እናንተው ደምስሳችሁ ነው የሰጣችሁት።

በ512 ፒክሰል አንዱ ፒክሰል 25 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ ነጥቧ ሁለት ፒክሰል ታገኛለች። በ1,024 ደግሞ 13 ማይክሮሜትር፤ አራት ፒክሰል። የሚጠበቅባችሁ «ይላክ ወይስ አይላክ» ብቻ ከሆነ ከ512 እስከ 768 ያለው ጥሩ መነሻ ነው። እርከን 1ን በትክክል መያዝ ከፈለጋችሁ ወደ ላይ ውጡ። የጂፒዩ ማህደረ ትውስታ ካልበቃ በአንድ ጊዜ የሚገቡትን ፎቶዎች ቀንሱ፣ ስሌቱን በ16 ቢት አድርጉ፣ ግራዲየንቱን እያጠራቀማችሁ ሂዱ። ፎቶውን ማሳነስ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ቀለም ላይ ሁለት መንገድ አለ። የ2015ቱን የካግል ውድድር ያሸነፈው ቤን ግራሃም ከእያንዳንዱ ፒክሰል የአካባቢውን አማካኝ ቀለም ቀነሰ። ፎቶው ግራጫ ይሆናል፣ የመብራት ልዩነቱ ይጠፋል፣ ነጥቦቹና ሥሮቹ ብቅ ይላሉ። በኦፕንሲቪ ሁለት መስመር ኮድ ነው፤ ጋውሲያን ብዥታ ሠርቶ መቀነስ ብቻ። ሌላው አረንጓዴውን ቻናል ብቻ መውሰድ ነው። ሄሞግሎቢን አረንጓዴ ብርሃን ስለሚመጥ ደም በዚያ ቻናል ጥቁር ሆኖ ይጎላል። ትልቅ ዳታ ካላችሁ ሁለቱም የግድ አይደሉም፤ ሞዴሉ ራሱ ይማረዋል። ትንሽ ዳታና የተለያየ ካሜራ ላላቸው ግን የግራሃም ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ማስጠንቀቂያ፦ በሥልጠና ጊዜ ያደረጋችሁትን ሁሉ በክሊኒኩም ላይ አንድ በአንድ ድገሙ። ፎቶውን የሚያሳንሰው የሶፍትዌር ዓይነት ሲቀየር እንኳ ውጤቱ ይነቃነቃል።

ደረጃ 8፦ አሠልጥኑ

ከባዶ አትጀምሩ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆኑ ተራ ፎቶዎች የሠለጠነ ሞዴል ውሰዱ፤ ኤፊሸንትኔት ወይም ሬስኔት ይበቃል። በ2023 የወጣው ሬትፋውንድ ደግሞ በ1.6 ሚሊዮን የሬቲና ምስሎች ላይ ያለ ሐኪም መልስ የሠለጠነ ነው፤ ዳታችሁ ትንሽ ከሆነ መሞከር ይገባዋል። የመማሪያ ፍጥነቱን በ0.0001 አካባቢ ጀምሩ። ማስተካከያው ላይ መሻሻል ሲቆም አቁሙ።

እርከኖቹ ቅደም ተከተል አላቸው። 4ን 3 ማለትና 4ን 0 ማለት እኩል ስህተት አይደሉም። ስለዚህ ሞዴሉ አምስት የተለያዩ ሳጥኖችን ከሚመርጥ አንድ ቁጥር እንዲተነብይ አድርጉ፤ ወይም «ከ0 ይበልጣል? ከ1 ይበልጣል?» እያለ በአራት ጥያቄ ይመልስ። ካፓ የሚባለው የካግል መለኪያም ይህን ርቀት ያያል። የክሊኒክ ጥያቄን ግን አይመልስም፤ በሱ አትርኩ።

ጥቂት የሆኑትን እርከን 3 እና 4 በብዛት እንዲያይ ደጋግማችሁ ስጡት፤ ግን ልክ አበጁለት። 708 ፎቶዎችን በጣም ስትደጋግሙ በሽታውን ሳይሆን ፎቶዎቹን ይሸመድዳል። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ሞዴል የሚገምተው የከባድ በሽታ ዕድል ከእውነታው የተጋነነ መሆኑንም አትርሱ፤ በኋላ በማስተካከያው ዳታ ላይ ወደ ልኩ መመለስ አለበት።

ፎቶ እየለዋወጡ ማብዛት ላይ ማዞር፣ ማገላበጥ፣ ብርሃንን በጥቂቱ መቀያየር ችግር የለባቸውም። ለሌላ ሥራ የሚመከር ግን እዚህ የሚጎዳ አንድ ነገር አለ፦ ከፎቶው ቁራጭ ቆርጦ መውሰድ ወይም መሸፈን። ድመት ግማሿ ቢሸፈንም ድመት ናት። እርከን 1 የሆነ ዓይን ግን አንዷ ነጥቡ ከተሸፈነች እርከን 0 ሆነ። ሐኪሙ የሰጠው መልስ ሳይቀየር ፎቶው ተቀየረ ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ መቁረጫውን በሐሳብ ምረጡ

ሞዴሉ የሚሰጠው ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ነው። ከስንት በላይ ሲሆን ይላክ? 0.5 የሚለውን ማንም አላዘዘም።

ሁለት ነገር ይለካል። ሴንሲቲቪቲ፦ መላክ ካለባቸው ሰዎች ስንቱን ያዘ? ስፔሲፊሲቲ፦ መላክ ከሌለባቸው ስንቱን በትክክል ለቀቀ? መቁረጫውን ዝቅ ስታደርጉ የመጀመሪያው ይጨምራል፣ ሁለተኛው ይወርዳል። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በኤፕሪል 2018 የፈቀደው አይዲኤክስ ዲአር ያለ ሐኪም ውሳኔ የሚሰጥ የመጀመሪያው ሥርዓት ነበር። 900 ሰዎች በተመዘገቡበት ሙከራ ሴንሲቲቪቲው 87.2፣ ስፔሲፊሲቲው 90.7 በመቶ ሆነ። ከላይ ያነሣሁት የ2016 ጥናት ደግሞ ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ በተመረጠበት መቁረጫ በአይፓክስ ፎቶዎች 97.5 በመቶ አግኝቶ ነበር። የፊተኛው ደካማ ነው ማለት አይደለም። መልሱ የተመዘነው ራሱ ካነበበው ፎቶ ጋር ብቻ ሳይሆን ሰፋ ካሉ ፎቶዎችና ከኦሲቲ ጋር ነው፤ ቦታውም ተራ የጤና ጣቢያ ነበር። ሚዛኑ ሲጠብቅ ቁጥሩ ይወርዳል።

መቁረጫውን ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ስሌት ከሐኪሙ ጋር ሥሩ። 1,000 ሰዎች መጡ፤ 100 መላክ አለባቸው። ሁለቱም መለኪያዎች 90 በመቶ ይሁኑ። ሞዴሉ ከ100ው 90ውን ይይዛል፣ 10 ያመልጡታል። መላክ ከሌለባቸው 900 ሰዎች 90ውን በስህተት ይልካል። ስለዚህ የሚላኩት 180 ናቸው፤ ግማሾቹ ያለ ምክንያት። ሐኪሙ 180 ሰው ማየት ይችላል? ካልቻለ ወረፋው ረዝሞ እውነተኞቹ 90 ዘግይተው ይታያሉ። ያመለጡት 10 ውስጥስ እርከን 3 ወይም 4 አለ? 10ሩም እርከን 2 ቢሆኑና በቀጣዩ ምርመራ ቢመለሱ አንድ ነገር ነው፤ አንድ እርከን 4 ማምለጡ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የከባዶቹን ሴንሲቲቪቲ ለብቻ ቁጠሩ።

ውሳኔው በሰው ደረጃ ይሁን። ከሁለቱ ዓይኖች የባሰውን ውሰዱ። አንዱ ዓይን የማይነበብ ከሆነ ሌላው ንጹሕ ቢሆንም ሰውየው ይላክ።

ደረጃ 10፦ አሁን መፈተኛውን ክፈቱ

አንዴ ብቻ። ውጤቱ ካልጣማችሁ ተመልሳችሁ አስተካክላችሁ እንደገና ከሞከራችሁ መፈተኛ መሆኑ ቀርቷል።

ከቁጥሩ ጋር የእርግጠኝነት ወሰኑን ጻፉ። መፈተኛችሁ ውስጥ 20 በሽተኞች ካሉና 18ቱን ከያዘ «90 በመቶ» ማለት ትችላላችሁ፤ እውነተኛው ግን ከ68 እስከ 99 በመቶ ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። ወሰኑን ወደ 5 በመቶ ግራና ቀኝ ለማጥበብ 140 ገደማ በሽተኞች ያስፈልጋሉ።

ከዚያ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ካሜራ በተነሡ ፎቶዎች ፈትኑት። በአይፓክስ አሠልጥናችሁ በሜሲዶር 2 ብትፈትኑ ጥሩ ጅምር ነው፤ የራሳችሁ ክሊኒክ ፎቶ ግን ይበልጣል። ውጤቱን በዕድሜ፣ በጾታና በካሜራ ዓይነት ከፋፍላችሁ እዩ። የሬቲና ዳራ ቀለም ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሞዴሉ ብዙም ያላየው ቀለም ላይ ሊደክም ይችላል።

ግራድካም የሚባለው ዘዴ ሞዴሉ የት እንዳየ በቀለም ያሳያል። እውነቱን ለመናገር ሰው ከሚገባው በላይ ያምንበታል። ሥዕሉ ሻካራ ነው፤ ትንሽ ነጥብ አይለይም። የሚጠቅመው ለሐኪሙ ማረጋገጫ በመሆን ሳይሆን እናንተ ስህተት እንድታድኑበት ነው። ሞዴሉ የፎቶውን ጠርዝ ወይም ጥግ ላይ ያለ የካሜራ ምልክት እያየ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 11፦ ወደ ክሊኒክ ስታስገቡ

በሰው ላይ የሚወስን ሶፍትዌር በአብዛኛው አገር የሕክምና መሣሪያ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ «በዝምታ» አስኪዱት። ሞዴሉ ያንብብ፣ ውጤቱን ግን ማንም አይይበት፤ ሐኪሙ እንደወትሮው ይወስን። ከዚያ ሁለቱን አነጻጽሩ።

ሥራ ከጀመረ በኋላ በየወሩ ሁለት ቁጥር ተከታተሉ፦ ስንት በመቶው ተላከ? ስንት በመቶው አልተነበበም? ከሁለቱ አንዱ በድንገት ከዘለለ ካሜራው ተቀይሯል፣ ሌንሱ ቆሽሿል ወይም ፎቶ የሚያነሣው ሰው አዲስ ነው። ጥቂት የታወቁ ፎቶዎችንም ለብቻ አስቀምጡ። ማንኛውም ነገር በተዘመነ ቁጥር በነሱ ላይ አስኪዱት፤ መልሱ ንቅንቅ ካለ አቁሙ።

የተላኩትን ሰዎች ሐኪም ስለሚያያቸው ስህተቱ ይታወቃል። «አይላክ» የተባሉትን ግን ማንም አያያቸውም። ከነሱ ጥቂቱን በዘፈቀደ መርጣችሁ በየጊዜው ለሐኪም አስነብቡ። በቀደመው ምሳሌ «አይላክ» የተባሉት 820 ናቸው፤ ከነሱ 10 ስህተት ነበሩ። 100 ብታስነብቡ የምታገኙት አንድ ገደማ ነው፤ ምንም ላታገኙም ትችላላችሁ። ስለዚህ በዘፈቀደ ከመረጣችኋቸው በተጨማሪ ውጤታቸው ከመቁረጫው ትንሽ ዝቅ ያለውን ሰዎች በሙሉ ጨምሩ። ያመለጡት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው።